27 ካሬ መስታወት በብብቴ ስር

ደብረ ማርቆስ ውስጥ አሉሚኒየምና መስታወት የሚሠራ ቤት ተቀጥሬ አራተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። ይሄን የምጽፈው ስለ ካሬ ነው፤ ማለቴ ሳንቲ ሜትር ካሬን ወደ ሜትር ካሬ፣ ሚሊን ወደ ሳንቲም መቀየር ላይ የተቃጠልኩት ነገር ስላለ ሌላው ሰው እንዳይቃጠል ነው። ቤት እየሠራችሁ ሴራሚክ የምትገዙ፣ ልጅ የቤት ሥራ ይዞ መጥቶ «ይሄን አሳየኝ» ሲላችሁ ስልክ የተደወለላችሁ የምታስመስሉ፣ እንደ እኔ መስታወት ቤት ገና የገባችሁ ካላችሁ ትንሽ ይጠቅማችኋል ብዬ አስባለሁ። 12ኛ ጨርሻለሁ፣ ሂሳብም መጥፎ አልነበርኩም፣ እሱ ነው የሚያናድደኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሥራ በጀመርኩ በመጀመሪያው ወር፣ ሰኔ ላይ፣ አለቃዬ ዕቃ ሊያመጡ ባሕር ዳር ሄደው ሱቁን እኔ ብቻዬን ይዤ ቁጭ ብያለሁ። ገበያው በኩል በርበሬ የሚሸጡ ሴትዮ መጡና የብፌያቸው አንደኛው በር መስታወት እንደተሰበረ ነግረውኝ ልኩን በክር ለክተው ይዘውልኝ መጡ። ክሩን በሜትር ስለካው 60 ሳንቲም በ45 ሳንቲም። ቆንጆ። መቁረጥ ስለምወድ ዋጋውን እንኳን ሳልናገር ባለ 4 ሚሊውን መስታወት አውጥቼ በአልማዙ ጭረት አድርጌ ቀጭ፣ ጠርዙን አለዝቤ በብብቴ ስር ያዝኩት። «ስንት ነው ልጄ?» አሉኝ። እኛ ጋ ዋጋ የሚባለው በካሬ ነው፣ ካሬ ስንል ደግሞ ሜትር ካሬ ማለታችን ነው። ስልኬን አውጥቼ 60 ሲባዛ በ45፣ 2700። አሁን 2700 ሳንቲም ስንት ሜትር ነው? ስልኬ ላይ ያለውን መቀየሪያ ከፍቼ 2700 ሳንቲ ሜትር አስገባሁ፣ 27 ሜትር አለኝ። 27 ካሬ! በካሬው ዋጋ አባዛሁና ያለምንም እፍረት ነገርኳቸው።

ሴትዮዋ መጀመሪያ ዝም አሉ። ቀጥለው «አንተ ልጅ ብፌውን ከነሳህኑ ልትገዛኝ ነው እንዴ? በዚህ ብር እኮ ጥንድ በሬ እገዛበታለሁ» አሉኝ። እኔ ደግሞ ብሶብኝ ቁጭ አልኩ፦ «እትዬ፣ እኔ አይደለሁም፣ ስሌቱ ነው፣ ስልኩ ያወጣው ነው፣ ይዩት!» ብዬ ስክሪኑን አሳየኋቸው። አዩት፣ እኔንም አዩኝ፣ «ስልክህን በሬ ጥመድበት» ብለው ክራቸውን ጠቅልለው ሄዱ።

ማታ አለቃዬ ሲመጡ ነገርኳቸው። «ስንት ካሬ ነበር ያልከኝ?» አሉኝ። «27»። «እና መስታወቱስ የት አለ?» «ይኸው» አልኩና እንደገና በብብቴ ስር አንስቼ አሳየኋቸው። አለቃዬ ሳቅ ሊገድላቸው ነው። ከዛ እስከዛሬ ያልረሳሁትን ነገር ነገሩኝ፦ መስታወት በየ 1 ሚሊ ውፍረቱ አንድ ካሬው ሁለት ኪሎ ተኩል ይመዝናል፣ ስለዚህ ባለ 4 ሚሊ ከሆነ አንድ ካሬው 10 ኪሎ ነው፣ 27 ካሬ ማለት 270 ኪሎ ነው። «270 ኪሎ በብብትህ ይዘህ ከቆምክማ ነገ ጀምሮ ጫኝና አውራጅ ነው የምቀጥርህ» አሉኝ። ትክክለኛው 0.27 ካሬ ነው፣ ክብደቱም ሁለት ኪሎ ከሰባት መቶ ግራም። መቶ እጥፍ ነው የጠራሁባቸው እኮ! መቶ እጥፍ!

ስልኩ አልተሳሳተም። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ፣ ምክንያቱም መቀየሪያው ውስጥ «ርዝመት» የሚለው ቦታ ላይ ነው ያስገባሁት። 2700 ሳንቲም ርዝመት ያለው ገመድ በእርግጥም 27 ሜትር ነው። እኔ የያዝኩት ግን ገመድ ሳይሆን መስታወት ነው። በእንግሊዝኛ ያለው አፕ ላይ ርዝመትና ስፋት (ኤሪያ የሚለው) ለየብቻ ናቸው፣ ስትቸኩሉ ደግሞ መጀመሪያ የሚከፈተው ብዙ ጊዜ የርዝመቱ ነው። ተጠንቀቁ።

እና ደግሞ የእኛ ሰው ጭንቅላት ውስጥ አንድ ሌላ ወጥመድ አለ ብዬ አስባለሁ፣ ሳንቲም የሚለው ቃል። 100 ሳንቲም አንድ ብር ነው፣ 100 ሳንቲም አንድ ሜትርም ነው። ከልጅነታችን ጀምሮ ሳንቲም ስንሰማ መቶ ነው የሚመጣልን። ብር ደግሞ ካሬ የለውም፣ የብር ወርድና ቁመት አናባዛም፣ ስለዚህ «100 ሳንቲም ካሬ አንድ ሜትር ካሬ ነው» ሲባል ጆሯችን ምንም አይቆረቁረውም፣ ልክ ነው ብሎ ያልፋል። ልክ አይደለም። 10,000 ነው።

10,000 መሆኑን አለቃዬ ነግረውኝ በቃሌ ያዝኩት እንጂ ለምን የሚለው የገባኝ እውነቱን ለመናገር አባቴ ጋ ነው። አባቴ ገበሬ ነው፣ ጎዛምን ወረዳ ነው የሚኖረው፣ ቁጥር ከመጻፍ ውጪ ብዙም ትምህርት የለውም። ለሐምሌ አቦ ስሄድ ይሄን የበሬ ታሪክ እያሳቅሁ ስነግራቸው አባቴ አልሳቀም። የተቀመጥንበትን ሰሌን እያየ «አንድ ክንድ ስንት ስንዝር ነው?» አለኝ። ሁለት ነዋ። «እሺ፣ ክንድ በክንድ የሆነ ሰሌን ቢኖረኝ፣ ስንዝር በስንዝር አድርጌ ብቆራርጠው ስንት ቁራጭ ይወጣዋል?» ሁለት አልኩ። (12ኛ ጨርሻለሁ ብያችኋለሁ አይደል?) በያዘው ዘንግ መሬት ላይ አራት ማዕዘን ሠራ፣ መሃሉን ቁልቁል ሰነጠቀው፣ ቀጥሎ ደግሞ አግድም ሰነጠቀው። አራት። «ቁመቱን ብቻ መሰለህ እንዴ የምቆርጠው፣ ወርዱም እኮ አለ» አለኝ። በቃ ይሄው ነው። ጠቅላላ ትምህርቱ ይሄው ነው፣ የቀረው ቁጥር ማሳደግ ነው።

ክንድ ሁለት ስንዝር ስለሆነ ክንድ በክንዱ 2 ሲባዛ በ2፣ 4 ሆነ። ሳንቲም 10 ሚሊ ስለሆነ ሳንቲም በሳንቲሙ 10 ሲባዛ በ10፣ 100 ሚሊ ሜትር ካሬ ይሆናል። ሜትር 100 ሳንቲም ስለሆነ ሜትር በሜትሩ 100 ሲባዛ በ100፣ 10,000 ሳንቲ ሜትር ካሬ። ሜትር 1000 ሚሊ ስለሆነ ደግሞ 1000 በ1000፣ አንድ ሚሊዮን ሚሊ ሜትር ካሬ። ማለትም በርዝመት የሚያስፈልገው ዜሮ በካሬ ሲሆን እጥፍ ይሆናል፦ አንድ የነበረው ሁለት፣ ሁለት የነበረው አራት፣ ሦስት የነበረው ስድስት። ከትልቁ ወደ ትንሹ ከሆነ ታባዛላችሁ፣ ከትንሹ ወደ ትልቁ ከሆነ ታካፍላላችሁ። 2700 ለ10,000 ሲካፈል 0.27። የእኔ በሬ እዚህ ጋ ነው የጠፋችው።

መሃል ላይ ማንም የማይጠራት አንዲት መለኪያ አለች፣ ዴሲ ሜትር። ገበያ ላይ ሰምቼው አላውቅም፣ አናጢም ግንበኛም አይጠራትም፣ ግን ለመረዳት እንደሷ የሚጠቅም የለም። 10 ሳንቲም በ10 ሳንቲም የሆነች ቁራጭ አንድ ዴሲ ሜትር ካሬ ናት፣ 100 ሳንቲ ሜትር ካሬ ማለት ነው። እሷን ካስገባችኋት ደረጃው ሁሉ እኩል መቶ መቶ ይሆናል፦ 100 ሚሊ ሜትር ካሬ አንድ ሳንቲ ሜትር ካሬ፣ 100 ሳንቲ ሜትር ካሬ አንድ ዴሲ ሜትር ካሬ፣ 100 ዴሲ ሜትር ካሬ አንድ ሜትር ካሬ። ሰው የሚሳሳተው ዴሲዋን ዘሎ ሁለት ደረጃ ወጥቶ የአንድ ደረጃ ሂሳብ ስለሚከፍል ነው። ከሜትር በላይም እንደዛው በመቶ ነው የሚሄደው፣ 100 ሜትር ካሬ አንድ አር፣ 100 አር አንድ ሄክታር።

ሄክታር ካነሳሁ አይቀር አንድ ቀን የሆነውን ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም ለእኛ አገር ሰው ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አላገኘሁም። አንድ ሽማግሌ ለትንሽ መስኮት መስታወት ሊያሠሩ መጡ፣ 50 ሳንቲም በ50 ሳንቲም። «ግማሽ ሜትር በግማሽ ሜትር ስለሆነ ግማሽ ካሬ አስበህ ቁረጥልኝ» አሉኝ፣ ዋጋውንም ራሳቸው አስበው ጨርሰዋል። ዝም ብዬ ብቀበላቸው እኮ እጥፍ ልበላቸው ነው። «አያ፣ ግማሽ አይደለም ሩብ ነው» ስላቸው ጭራሽ የማታልላቸው መሰላቸው፣ ሩብ ካልኩ መስታወቱን የማሳንስባቸው መሰላቸው ማለት ነው። ከዛ የአባቴ ነገር ትዝ አለኝና «አያ፣ 50 ሜትር በ50 ሜትር የሆነ መሬት ስንት ነው?» አልኳቸው። ሳያስቡ «አንድ ቃዳ» አሉኝ። «ሄክታር ስንት ቃዳ ነው?» «አራት»። «ስለዚህ 50 በ50 የሄክታር ስንት እጅ ሆነ?» ቀና ብለው አዩኝና «ሩብ» አሉ፣ ሳቁም። መስታወቱም እንደዛው ነው፣ 50 በ50 ሳንቲም 2500 ሳንቲ ሜትር ካሬ ነው፣ አንድ ካሬ 10,000 ነው፣ ሩብ ነው። ቃዳውም 2500 ሜትር ካሬ ነው፣ ሄክታሩም 10,000 ሜትር ካሬ ነው። ያው አንድ ዓይነት ቁጥር ነው፦ ሳንቲ ሜትር ካሬ ለሜትር ካሬ የሆነውን ሜትር ካሬ ለሄክታር ነው። መሬት የሚያውቅ ሰው ይሄን ቀድሞ ያውቀዋል፣ እንደሚያውቀው አያውቅም እንጂ።

ቋንቋውም ራሱ ያደናግራል። «ስፋት» ስንል አንዳንዴ ወርድ ማለታችን ነው («የበሩ ስፋት 90 ሳንቲም»)፣ ትምህርት ቤት ደግሞ ስፋት ማለት ቁመት በወርድ ተባዝቶ የሚወጣው ነው። ደንበኛ «ስፋቱ 2 ሜትር ነው» ሲለኝ ሁሌ «ወርዱን ነው ወይስ በጠቅላላው?» ብዬ እጠይቃለሁ። ሌላው ደግሞ «3 ሜትር ካሬ» የሚለው ነው። አንዱ ሦስት ካሬ ማለቱ ነው፣ ሌላው ደግሞ በሁሉም ጎን 3 ሜትር የሆነ አራት ማዕዘን ማለቱ ነው፣ እሱ ግን 9 ካሬ ነው። ስለዚህ አፍ ላይ ያለውን ትታችሁ ሁለቱን ጎን ይጻፉላችሁ። እኔ ወረቀት ላይ ሁለት ጎን ካልተጻፈ አልቆርጥም አሁን።

አሁን ወደ ዋናው ልምምድ ልምጣ፣ በእኔ አስተያየት ዜሮ ከመቁጠር የሚገላግላችሁ አንድ ነገር ነው። ካባዛችሁ በኋላ አትቀይሩ፤ ከማባዛታችሁ በፊት ጎኖቹን ቀይሩ። 60 ሳንቲም 0.60 ሜትር ነው፣ 45 ሳንቲም 0.45 ሜትር ነው፣ ይሄን ማንም አይስተውም፣ ሳንቲምና ብር ነው። ከዛ 0.60 ሲባዛ በ0.45፣ 0.27 ካሬ። አለቀ። 10,000 የሚባል ነገር ሳትነኩ ደረሳችሁ። የአሉሚኒየም ሥራ ላይ ደግሞ ፕላኑ በሚሊ ነው የሚመጣው፣ ለምሳሌ መስኮቱ 1200 በ1500 ይላል። እንዳለ ካባዛችሁት 1,800,000 ይወጣና እዛ ጋ ዜሮ ስትቆጥሩ አንዷ ታመልጣለች። 1.2 ሜትር በ1.5 ሜትር ብላችሁ ብትጀምሩ ግን 1.8 ካሬ፣ በጭንቅላት ይወጣል።

አንዱን ጎን በሜትር ሌላውን በሳንቲም ማባዛት ደግሞ የባሰ ነው። 1.2 ሜትር በ45 ሳንቲም የሆነ መደርደሪያ ነበር፣ አብሮኝ የሚሠራው ልጅ 1.2 ሲባዛ በ45 ብሎ 54 አመጣ፣ «54 ምን?» ስለው ዝም። ሜትር ካሬ አይደለም (0.54 ነው)፣ ሳንቲ ሜትር ካሬም አይደለም (5400 ነው)። በኋላ ስናስበው ለካ 54 ዴሲ ሜትር ካሬ ሆኖ ቁጭ ብሏል፣ ምክንያቱም አንድ ሜትር ርዝመት አንድ ሳንቲም ወርድ ያላት ቀጭን ቁራጭ 100 ሳንቲ ሜትር ካሬ ናት፣ ከ10 በ10ሯ ጋ እኩል። ያቺ ያልተጠራች ዴሲ በጓሮ በር ገባች ማለት ነው። ለመሳቅ ጥሩ ነው፣ ለዋጋ ግን አይሆንም።

ሴራሚክ ለምትገዙ። የታላቅ ወንድሜ ማድቤት 3.2 ሜትር በ2.6 ሜትር ነው፣ 8.32 ካሬ። የወደደው ሴራሚክ 40 በ40 ሳንቲም ነበር። አንዱ 1600 ሳንቲ ሜትር ካሬ ነው፣ በሜትር 0.4 በ0.4፣ 0.16 ካሬ። 8.32 ለ0.16 ሲካፈል 52 ፍሬ። ወንድሜ ግን መጀመሪያ 8.32ን በመቶ አባዝቶ 832 ሳንቲ ሜትር ካሬ አድርጎት፣ እሱን ለ1600 ሲያካፍል ግማሽ ፍሬ ምናምን መጣለት። ለሙሉ ማድቤት ግማሽ ሴራሚክ! እንደዚህ ዓይነት ስህተት ጥሩ ስህተት ነው፣ ራሱን ያጋልጣል። 52 በልኩ ነው፣ ግን በወርዱ በኩል 2.6 ለ0.4 ሲካፈል ስድስት ተኩል ስለሚመጣ አንድ ረድፍ ሙሉ በግማሽ ይቆረጣል፣ ሲቆረጥ ደግሞ ይሰበራል፣ ለዛ አሥር በመቶ ጨምሩ፣ 58 ገዛን። ተረፈ እንጂ አልጎደለም። ካርቶን ላይ የሚጻፈውንም ተመልከቱት፣ 60 በ60 የሆነው አንዱ 0.36 ካሬ ነው፣ ካርቶኑ ውስጥ 4 ፍሬ ካለ 1.44 ይላል፣ ያ ቁጥር ካሬ ነው እንጂ ኪሎ ወይም የፍሬ ብዛት አይደለም።

ስህተት ራሱን እንዲያጋልጥ ግን በዓይናችሁ የምታውቁት ነገር ያስፈልጋል፣ ቁጥር ብቻውን አያጋልጥም። እኔ የምጠቀምባቸው እነዚህ ናቸው። የትንሿ ጣቴ ጥፍር አንድ ሳንቲ ሜትር ካሬ ገደማ ናት። ጣቶቼን ትቼ መዳፌ ብቻ አንድ ዴሲ ሜትር ካሬ ሊሞላ ትንሽ ይቀረዋል። ኤፎር ወረቀት 21 በ29.7 ሳንቲም ነው፣ 624 ሳንቲ ሜትር ካሬ ያህል፣ 16 ወረቀት ጎን ለጎን ብታነጥፉ አንድ ካሬ ይሞላል (ኤዜሮ የሚባለው ትልቁ ወረቀት አንድ ካሬ እንዲሆን ተብሎ ነው የተሠራው፣ እሱ እየታጠፈ እየታጠፈ ነው ኤፎር የሚሆነው)። ፎቶ ኮፒ ቤት «80 ግራም» የሚሉት ወረቀትም ከዚሁ ነው፣ አንድ ካሬው 80 ግራም ይመዝናል ማለት ነው፣ ለ16 ስታካፍሉት አንዱ ኤፎር 5 ግራም፣ 500ው ፍሬ ሁለት ኪሎ ተኩል። ብትመዝኑት ልክ ነው፣ መዝኜዋለሁ። የእናቴ ምጣድ ደግሞ ከዳር እዳር 60 ሳንቲም ናት፣ ግማሿ 30፣ 30 በ30 በ3.14፣ 2826 ሳንቲ ሜትር ካሬ፣ 0.28 ካሬ ገደማ። እና የሴትዮዋ ብፌ መስታወት ከአንድ እንጀራ በትንሹ ያነሰ ነበር ማለት ነው! አንድ እንጀራ የማያክል ነገር ይዤ 27 ካሬ ነው ብዬ ስከራከር የነበረው።

ስለ ሽቦ አንድ ነገር ብዬ ልለፍ፣ ብዙ ሰው እዚህ ጋ ስለሚደናገር። የኤሌክትሪክ ሠራተኛው «ለሶኬት 2.5፣ ለመብራት 1.5 ግዛ» ሲላችሁ ቁጥሩ የሽቦው ውፍረት አይደለም። ሽቦው ተቆርጦ ፊቱ ሲታይ ያለው ክብ ስፋት ነው፣ በሚሊ ሜትር ካሬ። ነጠላውን ባለ 2.5 ሽቦ በካሊፐር ብትለኩት 1.8 ሚሊ ምናምን ነው የሚያሳያችሁ፣ 1.5ቱ ደግሞ 1.4 ሚሊ ገደማ። እኔ መጀመሪያ ስለካው ባለሱቁ ያጭበረበረኝ መስሎኝ ልጣላ ነበር፣ እግዜር አወጣኝ። ዳር እስከ ዳሩ 2.5 ሚሊ የሆነ ሽቦማ ስፋቱ ወደ 5 ሚሊ ሜትር ካሬ ይጠጋል፣ እጥፍ መዳብ ነው። ክብም ቢሆን የአባቴ ሰሌን ነው፣ ውፍረቱን እጥፍ ካደረጋችሁት ስፋቱ አራት እጥፍ ይሆናል። ለምጣድና ለምድጃ ስንት እንደሚያስፈልግ ግን ሠራተኛውን ጠይቁ፣ በእኔ ሂሳብ ቤት እንዳይቃጠል።

የመጨረሻው የእህቴ ነው። 7ኛ ክፍል ናት፣ እኔ ጋ ማርቆስ ነው የምትማረው። ፈተናዋ ላይ «0.5 ሜትር ካሬ ስንት ሳንቲ ሜትር ካሬ ነው» ይላል፣ 50 ብላ ጽፋ ኤክስ ገብቶባት መጣች፣ አኩርፋ። 5000 ነው አልኳት፣ «በቃልህ ነው የያዝከው» አለችኝ፣ እውነቷን ነው ግማሹ። ስለዚህ ባለ ካሬ ደብተሯን አውጥተን አንድ ሳንቲም በአንድ ሳንቲም የሆነ ሳጥን በእስክሪብቶ አሰመርንና ጤፍ አመጣን። የጤፍ ፍሬ ወደ አንድ ሚሊ ገደማ ስለሆነች አንድ ሚሊ ሜትር ካሬ ብትባል ብዙ ውሸት አይደለም። እሷ በመርፌ ጫፍ እየገፋች አንድ በአንድ ደረደረችው፣ ሳይደራረብ፣ አንድ ሰዓት ፈጀባት፣ ሁለቴ አስነጥሳ አበላሽታዋለች። 100 አካባቢ ገባ። «እሺ፣ ርዝመቱ ግን 10 ብቻ ነው» አለች ራሷ። ከዛ ሜትሩን ወለሉ ላይ ዘርግቼ ሜትር በሜትር በኖራ አሰመርኩና «ይሄንን ለመሙላት ስንት ጤፍ?» አልኳት። ሳጥኖቹን አሰበች፣ በአንዱ ጎን 100፣ በሌላው ጎን 100፣ 10,000 ሳጥን፣ እያንዳንዱ 100 ጤፍ። «ሚሊዮን!» አለች። ሚሊዮን ጤፍ ደግሞ ስትሰሙት ስንት ኩንታል ይመስላችኋል፣ ግን ፍሬዋ ከማነሷ የተነሳ ግማሽ ኪሎ እንኳን አይሞላም። ይሄን ስነግራት ነው አፏን የከፈተችው፣ ከሂሳቡ በላይ። ከዛ ወዲህ እሷ ተሳስታ አላየኋትም፣ እኔን ግን ታርመኛለች፣ ባለፈው ደረሰኝ ላይ «ሜ» ብዬ ጽፌ ካሬውን፣ ያቺን ከላይ የምትቀመጠውን ትንሿን 2፣ ረስቼ አይታ «ገመድ ነው የሸጥከው?» አለችኝ።

በርበሬ ነጋዴዋ ተመልሰው መጥተዋል። ያን ጊዜ አለቃዬ በማግስቱ መስታወቱን አስይዘው ወደ ገበያ ልከውኝ በትክክለኛው ዋጋ ሰጥቻቸው ይቅርታ ጠይቄያለሁ፣ ዋጋውን ሲሰሙ ደግሞ «አሁንስ ይሄ ረከሰ፣ እርግጠኛ ነህ?» አሉኝ። አሁን ደንበኛ ናቸው፣ ለቁም ሳጥን መስታየት ምናምን ያሠራሉ። ሁሌ በሩ ላይ ሲደርሱ ከመግባታቸው በፊት ቆም ብለው ይጠይቁኛል፦ «ዛሬስ በብር ነው ወይስ በሬዎቹን ይዤ ልምጣ?»